ሌሊት ቤት ሰብሮ የገባን መምታት፦ ቤተሰብን ስለ መከላከል የተደረገ ክርክርና 31 ምላሾቹ

የውይይቱን ክር የከፈተው ሰው ጥያቄውን በሦስት ከፍሎ አቀረበ። አንደኛ፣ ሌሊት በር ሰብሮ የገባን ሰው አንድ ክርስቲያን ቢመታውና ቢሞትበት በእግዚአብሔር ፊት ነፍሰ ገዳይ ይባላል ወይ? ሁለተኛ፣ ራስን መከላከልና ሚስትን፣ ልጅን፣ እናትን መከላከል አንድ ነገር ነው ወይስ ይለያያል? ሦስተኛ፣ ሌባው ዕቃ ይዞ ወይም ጥሎ ከሮጠ በኋላ አሳዶ መምታትስ? ጠይቆ ብቻ አላበቃም፤ አቋሙንም አስቀመጠ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለቤተሰቡ የማያስብ ሰው ከማያምን ይከፋል ስለሚል መሣሪያ ማዘጋጀት የእያንዳንዱ አባወራ ግዴታ ነው፣ ሌላውን ጉንጭ ማዞር ደግሞ ለሰማዕታት ብቻ የተነገረ ቃል ነው ሲል ደመደመ።

ከ31ዱ ምላሾች አብዛኞቹ መጽሐፉን ከፊታቸው ዘርግተው የጻፉ ሰዎች ናቸው። በተራቸው አቀርባቸዋለሁ፤ ጥቂቶቹን ግን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

1ኛው ምላሽ በሰላምታ ጀምሮ በቀጥታ ወደ ዘጸአት 22፥2-3 ሄደ። ሌባ ቤት ሲሰብር ተገኝቶ ቢመታና ቢሞት በመታው ሰው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች ግን የደም ዕዳ አለበት። ጸሐፊው ይህ ለምን እንደ ሆነ ሲያብራራ የዚያን ዘመን ቤት አሠራር አነሣ። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነበርና ሌባው በሩን ትቶ ግድግዳውን ነበር የሚነድለው፤ ኢዮብ 24፥16 በጨለማ ቤት ስለሚነድሉ የሚናገረው፣ ጌታም በማቴዎስ 24፥43 ቤቱ እንዳይቆፈር ስለሚነቃ ባለቤት የሚናገረው ለዚህ ነው። ከእንቅልፉ ባንኖ የተነሣው ሰው በቀዳዳው የሚገባው አንድ ይሁን ሦስት፣ ቢላዋ ይያዝ ባዶ እጁን ይሁን አያይም። ፊቱንም አይለይም፤ ነገ ዳኛ ፊት ሊከሰው አይችልም። ጎረቤትም ተኝቷል። ሕጉ ከደም ዕዳ ነጻ ያደረገው ይህን ሁሉ ቆጥሮ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ግን ማየትም፣ መጮህም፣ መለየትም ይቻላልና ምክንያቱ ይቀራል።

2ኛው ይህን ተቀብሎ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን ጨመረበት። በሬ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ አምስት ይመልሳል፣ በግ የሰረቀ አራት፤ የሰረቀው በሕይወት እጁ ላይ ከተገኘ እጥፍ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ካጣ ስለ ስርቆቱ ይሸጣል። ከእነዚህ በአንዱም ሞት የለም። በሙሴ ሕግ ንብረት በንብረት እንጂ በደም አይመለስም። ሌሊት የሚገባው ሰው የሚሞት ከሆነ የሚሞተው በሰው ሕይወት ላይ ስጋት ሆኖ ስለ ቆመ ነው፤ ዕቃው በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ይህ ነጥብ እስከ መጨረሻው ድረስ ክሩን ተሸክሞታል ብዬ አምናለሁ።

3ኛው የመጀመሪያው እርምት ነበር፤ ጨዋ ቢሆንም ለስላሳ አልነበረም። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ከቁጥር 3 እስከ 16 የሚናገረው ስለ መበለቶች ነው። ልጆችና የልጅ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት እንዲመልሱ፣ በመዝገብ የምትጻፈው መበለት ከ60 ዓመት እንዳታንስ፣ ዘመድ ያላትን ዘመዷ እንዲረዳና ቤተ ክርስቲያን ላይ ሸክም እንዳይበዛ ያዛል። ቁጥር 8 የቆመው በዚህ መካከል ነው፤ ጉዳዩ እንጀራና መጠለያ ነው። መሣሪያ የገዛ፣ ለእናቱ ግን ቀለብ የማይቆርጥ ሰው ጥቅሱን አልፈጸመም። ለጥበቃ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ወደ ነህምያ 4፣ ለሞት የሚነዱትን አድን ወደሚለው ምሳሌ 24፥11፣ ድሀውንና ችግረኛውን ከክፉዎች እጅ አድኑ ወደሚለው መዝሙር ይሂድ አለ።

4ኛውና 5ኛው መዝሙሩ 81 ነው 82 በሚለው ተያያዙ። የግሪኩን ሰባ ሊቃናት ቁጥር የሚከተል መጽሐፍ 81፣ የዕብራይስጡን የሚከተል 82 ይለዋል፤ መዝሙሩ አንድ ነው። ይህ በሁለት መስመር አለቀ።

6ኛው ጸሐፊ ከሁሉም የተለየ ድምፅ ይዞ ገባ፣ ያለ ቁጣ። ክርስቲያን ለራሱም ለቤተሰቡም ብሎ ሰው መግደል አይችልም ባይ ነው። መሠረቱ የተራራው ስብከት፣ ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ ይጠፋሉ የሚለው ማቴዎስ 26፥52 እና ሮሜ 12፥17-21 ናቸው። ጦርነትን እምቢ ያሉትን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የተነሡትን የአናባፕቲስቶችን መንገድም ጠቀሰ፦ በ1527 በሽላይትሃይም የተስማሙት ወንድሞች ሰይፍ ከክርስቶስ ፍጽምና ውጭ ላለው ዓለም የተሰጠ ነው አሉ። በ1569 በሆላንድ አስፔረን ዲርክ ቪለምስ ከእስር አምልጦ በበረዶ ላይ ሲሮጥ አሳዳጁ በረዶው ተሰብሮበት ውኃ ውስጥ ገባ፤ ዲርክ ተመልሶ አወጣው፣ በዚያው ተይዞ ተቃጠለ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ከእነዚሁ አናባፕቲስቶች ከወጡት ከሜኖናይቶች ስለሆነ ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም ሲል ጨመረ። የጠቀሰው ታሪክ ሁሉ ትክክል ነው። ዲርክ የሰጠው ግን የራሱን ነፍስ እንደ ነበር ያኔ ማንም አላነሣም።

7ኛው በማቴዎስ 5፥39 ቀኝ ጉንጭ የሚለውን ይዞ መለሰ። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቀኝ እጁ ቀኝ ጉንጭህን የሚመታህ በእጁ ጀርባ ነው፤ ያ ደግሞ ከመጉዳት ይልቅ ማዋረድ ነው። በጥንቱ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በሚሽና፣ ባባ ቃማ 8፥6፣ በጥፊ የመታ 200 ዙዝ (የብር ገንዘብ) ሲከፍል በእጁ ጀርባ የመታ 400 ይከፍላል። ስለዚህ ጌታ የከለከለው ስለ ውርደት መበቀልን ነው፤ ቢላዋ ይዞ ስለ መጣ ሰው አልተናገረም አለ።

8ኛው በዚህ ላይ ጠንከር አለ። ጥቅስን እየቆረጡ ማጥበብ ይቁም፤ ቀጥሎ ስለ መጎናጸፊያ፣ አንድ ምዕራፍ መንገድ ተገድዶ ስለ መሄድ፣ ስለ ብድር፣ ከዚያም ጠላትን ስለ መውደድ ይናገራል፤ ውርደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ለምን ዘረዘረው ብሎ 7ኛውን ሞገተ። ሙግቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ራሱ የዘረዘራቸው አራቱ ምሳሌዎች ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ 9ኛውም ይህን አይቶ ጻፈው። ጉንጩ የእኔ ነው፣ ልብሱ የእኔ፣ የምሄደው መንገድ የእኔ፣ የማበድረው ገንዘብ የእኔ። የራሴን መብት መተው እችላለሁ፤ የልጄን ጉንጭ ግን እኔ አዙሬ የምሰጠው አይደለም። ሙሴም በምድያም የውኃ ጉድጓድ አጠገብ እረኞች ሰባቱን ልጃገረዶች ሲያባርሩ ተነሥቶ ረዳቸው፣ በጎቻቸውንም አጠጣ፤ እዚያ የፈሰሰ ደም የለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግብፃዊውን ገድሎ በአሸዋ የደበቀው ያው ሙሴ ነው። ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ምዕራፍ፣ በዘጸአት 2፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

10ኛውና 11ኛው ስለ ሁለቱ ሰይፎች ተከራከሩ። አንዱ ሉቃስ 22፥36ን ይዞ ጌታ ልብስ ተሸጦም ሰይፍ እንዲገዛ አዟል አለ። ሌላው ቀጣዩን ቁጥር አሳየው፤ ከዓመፀኞች ጋር ተቈጠረ የሚለው የኢሳይያስ ቃል ሊፈጸም ግድ ነበር። ሁለት ሰይፍ ለአሥራ አንድ ሰው መከላከያ አይሆንም፤ አንዱ በዚያው ሌሊት ተመዝዞ የማልኮስን ቀኝ ጆሮ ሲቆርጥ ጌታ ተው ብሎ ፈወሰው። 11ኛው ከዚህ በላይ ያመጣው ዮሐንስ 18፥8 ነው። ጌታ ሊይዙት ለመጡት ራሱን አሳውቆ፣ እኔን ከሆነ የምትፈልጉት እነዚህ ይሂዱ አላቸው። ፋኖስና ችቦ፣ መሣሪያም በያዘ ጭፍራ ፊት ለፊት ቆሞ ደቀ መዛሙርቱን በገዛ ሰውነቱ ከለላቸው። ቤተሰብን መከላከል ሲባል ይህ ከመጀመሪያዎቹ ምሳሌዎች አንዱ መሆን ነበረበት፤ እስከ 11ኛው ምላሽ መዘግየቱ አስገርሞኛል።

12ኛው ረጅሙና በሥራ የታሸው ነው፤ ነህምያ ምዕራፍ 4ን እንደ ጥበቃ ዕቅድ ዘረዘረው። ጸሎትና ዘብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተጻፉት፤ ጸለዩ፣ ቀንና ሌሊትም ጠባቂ አቆሙ። ነህምያ ሰዎቹን ያቆማቸው ቅጥሩ ዝቅ ባለበትና ክፍት በሆነበት ቦታ ነው፤ ረጅሙና ያለቀው ግንብ ራሱን ይጠብቃልና። ያቆማቸውም በየወገናቸው ነው፤ ሰው ከኋላው ያለችው ልጁ ስትሆን አይሸሽም። ከብላቴኖቹ እኩሌታው ሲሠራ እኩሌታው ጦር፣ ጋሻ፣ ቀስትና ጥሩር ይዞ ይቆማል። ሸክም ተሸካሚው በአንድ እጁ ሲሠራ በሌላው መሣሪያ ይይዛል፤ ግንበኛው ሁለቱም እጁ ስለሚያስፈልገው ሰይፉን በወገቡ ይታጠቃል። ቀንደ መለከት ነፊው ከነህምያ አጠገብ አይለይም፣ ምክንያቱም ሠራተኛው በረጅም ቅጥር ላይ ተበታትኗል፤ ድምፁ ወደ ተሰማበት ሁሉም ይሰበሰባል። ማንም ሰው ከከተማው ውጭ አያድርም፤ ሌሊት ዘብ፣ ቀን ሥራ። ልብሳቸውንም አላወለቁም። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ውጊያ እንኳ አልተጻፈም። ጠላት ዝግጁ መሆናቸውን ሰምቶ ቀረ። የ12ኛው ድምዳሜ፣ ጥበቃው የሠራው ቀድሞ ስለ ተደረገ ነው የሚል ነው።

13ኛው ያዕቆብን ጨመረ። ዔሳው ከ400 ሰው ጋር እየመጣ ነው ሲባል ያዕቆብ ሦስት ነገር አደረገ፦ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲያመልጥ ሰፈሩን ለሁለት ከፈለ፣ ጸለየ፣ እጅ መንሻ ላከ። የእጅ መንሻውን ቁጥርም ጻፈው፦ 200 እንስት ፍየል፣ 20 አውራ፣ 200 እንስት በግ፣ 20 አውራ፣ 30 ግመል ከነግልገሎቻቸው፣ 40 ላም፣ 10 ወይፈን፣ 20 እንስት አህያ፣ 10 ውርንጭላ። በአንድ ጊዜ አላመጣቸውም፤ በመንጋና በመንጋ መካከል ርቀት እያደረገ ላካቸው፤ የዔሳው ቁጣ ቀስ በቀስ እንዲበርድ። በመጨረሻም ራሱ ከሁሉ ፊት ቀደመ። 14ኛው ባሪያዎቹን ከነልጆቻቸው ፊት፣ ራሔልንና ዮሴፍን መጨረሻ ማድረጉን አድልዎ ብሎ ነቀፈ፤ ነቀፋው ትክክል ቢሆንም ክሩ በዚያ አልቀጠለም።

15ኛው ከመጽሐፉ ወደ ቤት ወረደ። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት የደም በደሉ በቤቱ ላይ ነውና። የአይሁድ ሊቃውንት መከታው ከ10 ጋት እንዳያንስ ወሰኑ፣ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ሕግ ጸሐፊው ያወጣው ሥርዓት ይህ ነው። በመጀመሪያ የግቢው በር፦ መቀርቀሪያው በሁለት ብሎን ቆርቆሮው ላይ ብቻ ከተያዘ በአንድ እርግጫ ይነቀላል፤ ከብረቱ ማዕቀፍ ጋር መበየድ አለበት። ቀጥሎ መብራት፦ ደጁ ሲበራ የሚመጣውን ታያለህ፣ እሱም እንደ ታየ ያውቃል፤ የሌሊቱ ሕግ የተመሠረተበትን ጨለማ ራሱን ትቀንሳለህ። ከዚያ ድምፅ፦ ለእያንዳንዱ ቤት ፊሽካ፣ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ ስምምነት፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ማን ወዴት እንደሚወጣ። በመጨረሻ ልጆች የሚሰበሰቡበት አንድ ክፍል፦ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ስልክ ያለበት። ልጆቹ ተበታትነው ከተኙ አባት እነሱን ፍለጋ በጨለማ ይዞራል፤ ሰው የገዛ ወገኑን በስሕተት የሚመታው እንዲህ ሲሆን ነው።

መሣሪያን በተመለከተ 15ኛው ዘጸአት 21፥28-29ን አቀረበ። በሬ ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ነጻ ነው። በሬው አስቀድሞ ተዋጊ ከነበረ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው፣ ሰው ሲሞት ባለቤቱም ይሞታል። ጥይት ጎርሶ ትራስ ሥር ያደረ ሽጉጥ ባለቤቱ አደገኛነቱን የሚያውቀው በሬ ነው። ሕፃን ቢያነሣው፣ የደም ዕዳው ሌባ ባልመጣበት ቤት ላይ ይወድቃል። መሣሪያ ያለው ሰው ጥይቱን ከመሣሪያው ለይቶ በሁለት ቁልፍ ይያዝ አለ። ያ ሁሉ ቁልፍ ካለ በሌሊት ምን ይጠቅማል ብሎ አንዱ በ16ኛው ጠየቀ፤ ማንም ፊት ለፊት አልመለሰለትም። በእኔ እይታ መልሱ በር፣ መብራትና ፊሽካ ቁልፉን ለመክፈቻ የሚሆን ጊዜ ይሰጣሉ የሚል ነው፤ የማይሰጡ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠገኑት እነሱ ናቸው።

17ኛው ሕግ አዋቂ ይመስላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላ ሰውን ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን አይቀጣም፤ ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊገታ የማይችል ሲሆን፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ሲሆን። አንቀጽ 79 ልኩን ያለፈውን ይቀጣል፣ ቅጣቱን ግን ያቀልለታል፤ ያለፈው በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነጻ ሊያደርገው ይችላል። አንቀጽ 575 ደግሞ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ የተወውን ይጠይቃል። መሣሪያ መያዝ በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። 18ኛው ከአሜሪካ ሆኖ የግዛቶቹ ሕግ እንደሚለያይ አስታወሰ፤ በሜሪላንድ ከቤት ውጭ ከሆንክ ማፈግፈግ ስትችል ማፈግፈግ አለብህ፣ በቴክሳስ ይህ ግዴታ የለም። ከእስራኤል የጻፈው 19ኛው በ2008 የወጣውን ቤትና እርሻ ሰብሮ የሚገባን ስለ መመለስ የተደነገገውን ሕግ ጠቀሰ፤ እዚያም ቢሆን ከልክ ያለፈ ድርጊት አይሸፈንም።

ከ20 እስከ 23 ያለው ክፍል ጦፈ። 20ኛው በገጠር አካባቢ ደም መመለስም ቤተሰብን መከላከል ነው አለ፤ ዛሬ ዝም ያለ ቤት ነገ ሁለተኛ ይገደልበታል፣ ፖሊስ ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ የከተማ ሰው ይህን አያውቅም። 21ኛው ስምዖንና ሌዊን አነሣበት። እኅታቸው ዲና ተደፍራለች፣ በደሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ጥቃቱ ካለፈ በኋላ በተንኰል ከተማ ሙሉ ወንድ ፈጁ፣ አባታቸው ያዕቆብም በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ቁጣቸውን ረገመ። 20ኛው ተቆጥቶ ያዕቆብ ለልጁ ምን አደረገላት ሲል መለሰ። ጥያቄው ልክ ነው፤ ዘፍጥረት 34 ያዕቆብ ልጆቹ እስኪመጡ ዝም አለ ይላል፣ የአባት ዝምታ የወንድሞችን ሰይፍ እንዳስከተለ መካድ አይቻልም።

23ኛው የሁለቱንም ቁጣ ያበረደ መልስ ሰጠ፣ ከዘኍልቍ 35። የሙሴ ሕግ ደም ተበቃይ እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ ስድስት የመማፀኛ ከተሞችን ለየ፦ ከዮርዳኖስ ወዲህ ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን፣ ከወዲያ ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን። ዘዳግም 19፥3 መንገዱ እንዲዘጋጅና ምድሩ በሦስት እንዲከፈል ያዛል፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ተበቃዩ ልቡ እንደ ተቃጠለ ይደርስበታልና። ፖሊስ ሩቅ ነው የሚለው ችግር በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ ታውቋል ማለት ነው፤ መፍትሔው ግን ተበቃዩን ፈራጅ ማድረግ አልሆነም። ገዳዩ በማኅበሩ ፊት ሳይቆም አይሞትም። በምን እንደ መታ ይመረመራል፦ በብረት፣ በድንጋይ፣ በእንጨት። ቀድሞ ጥል ነበራቸው ወይ? አድፍጦ ነበር ወይ? አንድ ምስክር አይበቃም። በዕውቀት ለገደለ የነፍስ ዋጋ አይወሰድለትም፤ ሳያውቅ የገደለ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ከከተማው አይወጣም። ከዚህ ጋር የአገራችንን የደም ማድረቅ ሥርዓት አነጻጸረ። ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ሁለቱን ወገን በገበያና በውኃ መንገድ እንዳይገናኙ መለየት ነው፤ ዕርቁ የሚበላሸውም በአብዛኛው ገዳዩ ወገን በዚያ ጊዜ ውስጥ በሟች ደጅ ሲያልፍ ወይም ከሟች ወገን አንድ ወጣት ሳይጠራ ሲቀር ነው። ምላሹን 20ኛው አመሰገነ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም።

24ኛዋ፣ ሴት መሆኗን ገልጻ፣ ክሩ ሁሉ ሌባው ውጭ አባት በር ላይ ብሎ እንደሚያስብ ወቀሰች። ብዙ ሴትና ልጅ የሚጎዳው በቤቱ ባለው ሰው ነው። ትዕማርን ያጠቃት ወንድሟ አምኖን ነው፤ አባቷ ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቆጣ፣ ግን ምንም አላደረገም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ተባለ፤ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለ፣ ከዚያ መንግሥቱ ራሱ ተናጋ። 25ኛው ሚስት ለባልዋ ትገዛ የሚለውን ጥቅስ ብቻ ጥሎ ሄደ። 26ኛው በቁጣ ነው የመለሰለት፤ ቁጣውም ይገባው ነበር። ሳኦል በዳዊት ላይ ጦር ሲወረውር ጦሩ ግድግዳው ላይ ተሰካ እንጂ ዳዊትን አላገኘውም፤ በዚያው ሌሊት ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አወረደችው፣ ምስል በአልጋው አስተኝታ ጊዜ ገዛችለት። ዳዊት ንጉሡን አልመታም፣ ነገር ግን ሊገድለው ባለው ቤት አልቆየም፤ ራማ ሄዶ ያደረገበትን ሁሉ ለሳሙኤል ነገረው። ሽሽት፣ ረዳት፣ ለታመነ ሽማግሌ መናገር፤ ሦስቱም እዚያ አሉ። ቅዱስ ዮሴፍም ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ፤ ቤተ ክርስቲያናችን በጽጌ ጾም ይህን ስደት ስታስብ እንደ ድክመት አትቆጥረውም። 26ኛው ለ24ኛዋ እኅቴ ብሎ ተግባራዊውን ጨመረላት፦ ከሕክምና የጉዳት ማስረጃ በዚያው ቀን ማውጣት፣ ምክንያቱም ቁስል ሲደርቅ ማስረጃው ይጠፋል፤ የልጆችን የልደት ካርድና መታወቂያ ከቤት ውጭ የታመነ ሰው ዘንድ ማስቀመጥ፤ ሽማግሌ ከመጣ ደግሞ ዕርቁ ከመውረዱ በፊት ማን የት እንደሚያድር መወሰን።

27ኛው መቃብያንን ጠቅሶ በሰንበት አንዋጋም ብለው አንድ ሺህ ያህል ሰዎች እንዳለቁ፣ ከዚያ በኋላ ሊከላከሉ እንደ ወሰኑ ጻፈ። ታሪኩ ያለው በግሪኩ 1ኛ መቃብያን 2 ነው፤ በ81 መጻሕፍት ያለው የእኛ መቃብያን ሌላ መጽሐፍ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ሐዋርያት ሥራ 23ን ያነሣውም እሱ ነው። ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳንገድል አንበላም ብለው ማሉ፤ የእኅቱ ልጅ ሰምቶ ነገረው፣ ጳውሎስም ብላቴናውን ወደ ሻለቃው ላከ። ሻለቃው 200 ወታደር፣ 70 ፈረሰኛና 200 ጦረኛ መድቦ ከሌሊቱ በ3 ሰዓት፣ በእኛም አቆጣጠር ያው ማታ 3 ሰዓት፣ ወደ ቂሳርያ አስወጣው። ሐዋርያው ሕጉን ተጠቀመበት፣ አላፈረበትም።

28ኛው ወደ አባቶች ገባ። አምብሮስዮስ ክርስቲያን ወንበዴ ቢመጣበት እንኳ መልሶ እንዳይመታ አስተማረ፤ አውግስጢኖስ ለፑብሊኮላ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ራስ ብሎ መግደልን አልወደደም፣ ስለ ሌሎች የሚቆመውን ወታደር ወይም ሹም ለይቶ አወጣ። ባስልዮስ ዘቂሳርያ በጦርነት የገደለ ወታደር እንኳ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀብ መልካም ነው ሲል መከረ፤ ወዶ ለገደለ 20 ዓመት፣ ሳይወድ ለገደለ 10 ዓመት ቀኖና ወሰነ። ቶማስ አኩዊናስ በኋላ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን፣ የራስን ሕይወት ማዳን ታስቦ ሞት ቢከተል፣ ኃይሉም ከሚያስፈልገው ካልበለጠ ኃጢአት አይደለም አለ። 28ኛው ከዚህ የወሰደው፣ የደም ዕዳ የለበትም የተባለ ሰው እንኳ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ የሚል ነው፤ ሰው የገደለ እጅ ምክንያት ቢኖረውም ዝም ተብሎ ወደ ቁርባን አይቀርብም። ይህን ምላሽ ማንም አልተቃወመም፣ 6ኛውም ደግፎታል።

29ኛው የመጀመሪያው ጠያቂ ነበር። ሁሉንም አመስግኖ ስለ ጢሞቴዎስ የተሰጠውን እርማት ተቀበለ፤ ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም አለ። 30ኛው በቁጥር ሰጠው። አብርሃም በቤቱ የተወለዱ የሠለጠኑ 318 ሰዎች ይዞ እስከ ዳን፣ ከዚያም ሌሊት ሰዎቹን ከፍሎ ከደማስቆ በስተ ግራ እስካለችው ሖባ ድረስ አሳደደ፤ ያሳደደው ሎጥና ሴቶቹ ስለ ተማረኩ ነው። ድል ካደረገ በኋላ ከሰዶም ንጉሥ ከፈትል እስከ ጫማ ማዘቢያ አልወሰደም። ዳዊትም ጺቅላግ ተቃጥላ ሚስቶቹ ሲማረኩ 600 ሰው ይዞ ተነሣ፤ አስቀድሞ ግን በካህኑ በአብያታር ኤፉድ (የክህነት ልብስ) ልከተል ወይ ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ። የተወሰደው ሰው ከሆነ ማሳደድ ማዳን ነው። የተወሰደው ቴሌቪዥን ከሆነ፣ ሌባውም ጀርባውን ሰጥቶ ከሮጠ፣ ፀሐይ ወጥታለች፤ በጀርባው የሚመታው ሰው የደም ዕዳ ያመጣል። ቀሪው የሰሌዳ ቁጥር መያዝ፣ መልክ ማስታወስ፣ ማመልከት ነው።

የመጨረሻው፣ 31ኛው፣ ከእስራኤል የጻፈው ሰው ሁለተኛ ምላሽ ነው። የገባው የጎረቤት ልጅ ወይም ዘመድ መሆኑን ድምፁን ሰምተህ ካወቅህስ? ሚሽናን በሚያብራራው የአይሁድ መጽሐፍ በታልሙድ፣ ሳንሄድሪን 72፣ ሊቃውንቱ ይህንኑ ጠይቀዋል። አባት በልጁ ቤት ሌሊት ሰብሮ ቢገባ ልጁ ሊገድለው አይችልም፤ አባት ለልጁ እንደሚራራ፣ ለገንዘብ ብሎም እንደማይገድለው የታወቀ ነውና። የሌሊቱ ፈቃድ የቆመው አይታወቅም በሚለው ላይ ነው፤ ከታወቀ ይነሣል። በዚያው መጽሐፍ 74 ላይ ደግሞ አሳዳጁን በአንድ አካሉ ጎድቶ ማስቆም እየቻለ የገደለ ሰው ይጠየቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀመጠው፦ መብራት አብራ፣ ማን ነህ ብለህ ጩህ፣ የምታውቀው ከመሰለህ በስሙ ጥራው፣ መውጫ በሩን አትዝጋበት፤ መውጫ ያጣ ሌባ ሊሰርቅ መጥቶ ሊገድል ይገደዳልና።